የሲኞራ ቴዎዶራ አሳንሰር

በጥቅምት ወር ሁለተኛው ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ በአሮጌው ወደብ የድንጋይ በር ሥር የተገኙት ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው የማዘጋጃ ቤቱ የባህልና የእግር ጉዞ ኃላፊ ክቡር አምብሮጂዮ ፒታሉጋ ናቸው። ክቡርነታቸው ሞተር ብስክሌት ከገዙ ወዲህ፣ ማለትም ላለፉት አሥራ ዘጠኝ ዓመታት፣ ከቢሯቸው እስከ ምሳ ቤታቸው እንኳ በእግራቸው ሄደው ስለማያውቁ፣ ለእግር ጉዞ ያላቸው ፍቅር በድካም ያልተበረዘ ንጹሕ ፍቅር ነው። ሁለተኛዋ ዶክተር ኤርሜሊንዳ ቫሎቲ ናቸው፤ ከተራራው ማዶ፣ ባሕር ከማይታይበት ሜዳ አገር፣ የወደብ ከተሞችን ሕያውነት ሊለኩ የመጡ ሊቅ። ሦስተኛው ቃለ ጉባኤ ያዡ ፕሮስፔሮ ካኔፓ ነው። ፕሮስፔሮ ከሁለቱ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ቆሟል። የሥራ ቦታው እዚያ ነው።

የተሰበሰቡበት ጉዳይ ከባድ ነበር። ከድንጋዩ በር ተነሥቶ፣ በዓሣ ገበያው ቅስቶች ሥር አልፎ፣ ጠባቡን ዳገት ወጥቶ እስከ መብራት ማማው የሚዘልቀው መንገድ «የአንድ ቀን ታሪካዊ የእግር ጉዞ» ተብሎ ሊጸድቅ ነው። እርግጥ የከተማው ሰው ይህንን መንገድ ዓሣ ተሸክሞ በሃምሳ ደቂቃ ይጨርሰዋል። አባቱም፣ አያቱም፣ የአያቱ አያትም በዚሁ ሲመላለሱ ኖረዋል። ነገር ግን ሰው ስለሄደበት ብቻ መንገድ መንገድ አይሆንም። ኮሚቴ ሊሄድበት ይገባል።

ሌላም ጉዳይ ነበረ። በመንገዱ ዳር ካሉት ቤቶች መካከል «በመስኮቶቹ ሕያውነት ለእግረኛው ዓይን የላቀ አስተዋጽኦ ያበረከተ» አንድ ቤት በማዘጋጃ ቤቱ ወጪ አሳንሰር ይተከልለታል። ፕሮስፔሮን ለሦስት ሳምንት እህል ያስጠላው ይኸኛው ነው። የእናቱ ታናሽ እህት ኮሎምባ፣ በጠባቡ ዳገት ወገብ ላይ ባለ ቤት አምስተኛ ፎቅ ትኖራለች። አርባ ዓመት ዓሣ ሸጣለች። ጉልበቷ ከከዳት ከሁለት ዓመት ከአራት ወር ወዲህ ግን መቶ አሥራ ሁለቱን ደረጃ አልወረደችም። ሜዳውን በከዘራ ቀስ ብላ ትሄዳለች፤ የማይሆንላት ደረጃው ነው። ዳቦዋንና መድኃኒቷን በገመድ በምታወርደው ቅርጫት ትቀበላለች። ባሕሩንም ከመስኮቷ ታየዋለች። የምትመኘው አንድ ነገር ነው፤ አንድ ጠዋት ወርዳ፣ ከባሕሩ ግንብ ላይ ከድሮ ባልንጀሮቿ ጋር ቁጭ ብላ፣ ስለ ሁሉም ነገር ማጉረምረም። ብቻን ከመስኮት ሆኖ ማጉረምረም እንደማይወጣላት ደጋግማ ተናግራለች።

ስለዚህ ፕሮስፔሮ ከሦስት ቀን በፊት ደረጃውን ወጥቶ መክሯት ነበር።

«አክስቴ፣ ሐሙስ ልብስ እንዳታሰጪ። የበሶብላውን ማሰሮ መስኮቱ ላይ አውጪው። ሲያልፉ ፈገግ በይላቸው። ከዚያ ደግሞ...»

«ከዚያ ደግሞ ምን?»

«ዝም በይ።»

«ሰባ ስምንት ዓመት ሙሉ ያላልኩትን?»

«ለሊፍቱ ነው፣ አክስቴ።»

«ለሊፍቱ ከሆነ እሺ። አንድ ሐሙስ ዝም ብል አልሞትም።» ጥቂት አሰብ አደረገችና «እሞት ይሆን እንዴ?» አለች።

ጉዞው እንደ ማንኛውም ታላቅ ጉዞ በዲስኩር ተጀመረ።

«ከተማ ማለት እግር ነው» አሉ ክቡር ፒታሉጋ፣ ለዶክተሯ፣ ለፕሮስፔሮና ለሁለት የባሕር ወፎች። «እግሩን የዘነጋ ሕዝብ ታሪኩን የዘነጋ ሕዝብ ነው። ወደፊት!»

ወደፊትም ተባለ። ሠላሳ ሁለት እርምጃ እንደተሄደ (ፕሮስፔሮ መዝግቦታል) ክቡርነታቸው በዓሣ መጥበሻ ቤቱ በር ላይ ቆሙና «ይኸው የመጀመሪያው የታሪክ ፌርማታ» አሉ። ታሪኩ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። በሎሚ ተበላ።

ዶክተር ቫሎቲ ሁለተኛውን የዓሣ ሳህን እየተቀበሉ የሙያቸውን ምሥጢር አብራሩ። «መስኮት የቤት ዓይን ነው፣ ክቡርነትዎ። ሕያው መስኮት ክፍት ነው። ቅጠል አለው። ነዋሪው ፊቱን ያሳያል፤ መንገደኛውን ያከብራል። ከአሥር ነው የምሰጠው። እስካሁን በዘጠኝ ወደቦች ያየሁት ትልቁ ውጤት ስድስት ተኩል ነው።»

«እኛ አሥር እናመጣለን።»

«ነዋሪዎቻችሁ ሰላም ሲሏቸው ይመልሳሉ?»

ክቡር ፒታሉጋ ሹካቸውን አስቀመጡ። «ምን በደልንዎ፣ ዶክተር? በዚህ ከተማ ለማያውቀው ሰው ሰላምታ ቶሎ የሚመልስ ወይ ሻጭ ነው፣ ወይ ምርጫ ደርሶበታል። የድሮ ቤተሰብ ልጅ ሲጠሩት ዝም ይላል። እኔ ባለቤቴን ሳጫት ሰባት ወር ሙሉ ቃል አልመለሰችልኝም።»

«ሰባት ወር!»

«እኅቷ አራት ወር ብቻ ነው ዝም ያለችው። እሷን ያላገባሁትም ለዚህ ነው።»

ዶክተሯ በማስታወሻቸው ላይ «ቁጥብነት፤ የአካባቢው እሴት፤ እንደ አክብሮት ይቆጠር» ብለው ጻፉ። ፕሮስፔሮም በቃለ ጉባኤው ላይ እንዳለ ገለበጠው። የመዘገበው ነገር ስሕተት ሆኖ ተገኝቶ አያውቅም፤ በሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎቱ አንዲት ሐሰት በመዝገብ ላይ አልጻፈም።

ከዚያ ዳገቱ ተጀመረ። የመጀመሪያው ቤት መስኮቶች ዝግ ነበሩ፤ ዜሮ። በሁለተኛው ቤት መስኮት ላይ ድመት ተቀምጣ ነበር። «ድመት ነዋሪ ናት ወይ?» በሚለው ነጥብ ላይ ሃያ ደቂቃ ጥልቅ ውይይት ከተካሄደ በኋላ፣ ጉዳዩ ለሚመለከተው አካል እንዲመራ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ድመቷ ድምፅ አልሰጠችም። ሦስተኛው ቤት የኮሎምባ ነው።

ፕሮስፔሮ ቀና ብሎ ሲያይ ልቡ ወደ ጫማው ወረደ። ከማለዳ ጀምሮ የሰሜን ነፋስ ተነሥቶ ነበር። ደረቅ፣ ንጹሕ፣ ነጻ ነፋስ! በዚህ ከተማ እንዲህ ያለ ነፋስ እየነፈሰ ልብስ ያላሰጣ ሰው ውርሱን በቁማር ከበላ ሰው ጋር አንድ ነው። ኮሎምባ ደግሞ ሁለት ዓመት ያልወረደች ሴት እንጂ ያበደች ሴት አይደለችም። አምስት አንሶላ፣ ሦስት ፎጣ፣ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት የሆነው ባሏ ሹራብ (አሁንም በየወሩ ታጥበዋለች) መስኮቷን ሸፍነው እንደ መርከብ ሸራ ይርገበገባሉ። ከሁለት አንሶላ መካከል የኮሎምባ ፊት ብቅ አለ። ፈገግ ብሏል። ቃሏን ለመጠበቅ ከንፈሯን ነክሳ ነበር።

እስከ ዐሥር እስኪቆጠር ድረስ ጠበቀችው።

«አንተ አምብሮጂዮ! የጁሴፒና ልጅ! ለመሆኑ በእግርህ ትሄዳለህ? እግር አለህ እንዴ?»

ክቡር ፒታሉጋ ኮፍያቸውን ወደ ዓይናቸው ሳብ አደረጉ።

«እናትህ ሰርዲን አንድ በአንድ እየቆጠረች ነበር የምትገዛኝ! 'ይኼኛው ዓይኑ ፈዟል፣ ቀይሪልኝ' እያለች! ሊፍቱን መቼ ነው የምትተክለው? ስሞት ነው? ስሞት እኮ በደረጃም እወርዳለሁ፤ ተሸካሚ አይጠፋም!»

«እኒህ እናት ምን እያሉ ነው?» አሉ ዶክተር ቫሎቲ፣ የወደቡ አነጋገር ስለማይገባቸው።

«ባህላዊ ሰላምታ ነው» አሉ ክቡር ፒታሉጋ።

«እጅግ ረጅም ነው።» ዶክተሯ ጻፉ። «ልብስ፤ ጩኸት፤ ቅርጫት። አንድ ተኩል።»

አንድ ተኩል! ፕሮስፔሮ እርሳሱን ጨብጦ ቀረ። መቶ አሥራ ሁለቱ ደረጃ በዓይኑ ላይ አንድ በአንድ ተደረደሩ። በዚህ ጊዜ ነው ዶክተሯ ዓይናቸውን ከኮሎምባ አንሶላዎች ወደ ግራ አሻግረው፣ በዚያው ፎቅ ያለውን ቀጣዩን መስኮት ያዩት።

«ኦ!» አሉ።

እዚህ ላይ ስለ ከተማው ሰው አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። የወደቡ ሰው መስኮት ይወዳል፤ ወጪ ግን አይወድም። ስለዚህ ሁለት መስኮት የሚያምርበት ግድግዳ ላይ አንዱን ያስከፍትና ሁለተኛውን በቀለም ያሥላል። ቀለም ከመስተዋት ይረክሳል፤ ብርድም አያስገባም። ያ መስኮት የፕሮስፔሮ አባት፣ ቤት ቀቢው ጄሮላሞ፣ ከአርባ ሰባት ዓመት በፊት የሣለው ነው። አረንጓዴ የእንጨት መዝጊያዎቹ ገርበብ ብለዋል። ደፉ ላይ ለምለም በሶብላ አለ። ከበሶብላው ኋላ አንዲት ሴት እጇን ደፉ ላይ አሳርፋ ወደ መንገዱ ትመለከታለች። ሴትዮዋ የፕሮስፔሮ እናት፣ ነፍሷን ይማርና፣ ቴዎዶራ ናት። በሕይወት ሳለች ከዓሣ ገበያው ስትናገር በመብራት ማማው የሚሰማ አፍ ነበራት። ጄሮላሞ አፏን ዘግቶ ሣላት። በትዳር ዘመኑ የመለሳት መልስ ይኸው ብቻ ነው ይባላል።

«እንዴት ያለ እርጋታ ነው!» አሉ ዶክተሯ። «ክፍት መስኮት። ቅጠል። የነዋሪ ፊት። አንዲት ፎጣ የለም! ደግሞ ተመልከቱ፣ ከመንገዱ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም።»

«የድሮ ቤተሰብ» አሉ ክቡር ፒታሉጋ በኩራት፣ ኮፍያቸውንም አነሡ። «ሲኞራ፣ እንዴት አደሩ?»

ቴዎዶራ አልመለሰችም።

«አዩ?» አሉ ክቡርነታቸው።

«አየሁ!» አሉ ዶክተሯ። አንዲት እርግብ መጥታ ከቴዎዶራ እጅ አጠገብ፣ ከሥዕሉ ሥር ወጣ ካለው እውነተኛ የድንጋይ ደፍ ላይ አረፈች። ቴዎዶራ እሽ አላለቻትም። ዶክተሯ ይህንንም ጻፉ።

ከላይ የኮሎምባ ሣቅ ወረደ። «ወይ ጉድ! ቴዎዶራን ሰላም አሏት! እህቴን! ፕሮስፔሮ፣ ምነው ትገተራለህ? ንገራቸው እንጂ!»

ፕሮስፔሮ አፉን ከፈተ። ከተናገረ፣ በደንቡ መሠረት አንድ ሐሰተኛ መስኮት የተገኘበት ቤት ከውድድሩ ይሰረዛል። ዝም ካለ ደግሞ፣ ያው ደንብ «ቤት በበላጭ መስኮቱ ይመዘናል» ይላል። አፉን ዘጋ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ በዚያ ቀን ግን ከዝንብ በቀር ሁሉም ነገር ገባ።

«ፕሮስፔሮ! አንተም ተቀብተሃል እንዴ?»

«አሥር ከአሥር» አሉ ዶክተር ቫሎቲ፤ ዕንባቸውንም ጠረጉ። «በሙያዬ የመጀመሪያው ነው። ጸሐፊ፣ የነዋሪዋን ስም ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ይጻፉ።»

ፕሮስፔሮ እርሳሱን ላስ አደረገ። አንዲት ቃል ብቻ ነበረች የምትፈለገው፤ ኮሎምባ ብሎ ቢጽፍ ማንም አይጠይቀውም ነበር። ነገር ግን የሥዕሉ ስም ኮሎምባ አይደለም። ሃያ ሁለት ዓመት ንጹሕ መዝገብ! ባማረ የእጅ ጽሑፉ፣ ፊደል ሳይገድፍ፣ «ሲኞራ ቴዎዶራ ካኔፓ» ብሎ ጻፈ።

«ሥራ?»

«የቤት እመቤት... ነበረች።»

«አሁንስ?»

«አሁን መስኮት ላይ ናት።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አርባ ሰባት ዓመት ይሆናታል። አንድም ቀን ከዚያ ተነሥታ አታውቅም።»

«እነሆ ሕያውነት!» አሉ ዶክተሯ።

የቀረው መንገድ ያለ ችግር ተጠናቀቀ። ክቡር ፒታሉጋ የቀረውን ዳገት ቀና ብለው አይተው «ይህንን በዓይን ሄደነዋል» ስላሉ፣ ገምጋሚው ቡድን በገመድ የሚጎተተውን ባቡር ተሳፍሮ ላይ ደረሰ። የመብራት ማማው ሐሙስ ሐሙስ ዝግ ነው። ከውጭ ሆነው አጸደቁት። ከዚያ የሽምብራ ቂጣና ነጭ ወይን ቀርቦ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የእግር ጉዞው በአንድ ቀን ሊጠናቀቅ እንደሚችል በተግባር መረጋገጡ ተበሠረ።

በየካቲት አሳንሰሩ ተተከለ። ለምን ይዋሻል፣ ቆንጆ አሳንሰር ነው፤ መስተዋት አለው፣ የተለበጠ መቀመጫ አለው፣ ያለ ድምፅ ይወጣል። ምረቃው ላይ ሪባን ተቆረጠ፣ በሥዕሉ ትይዩ የሙዚቃ ጓድ ቆሞ ተጫወተ። ኮሎምባ ከመስኮቷ ሆና አጨበጨበች። ከዘራዋን ከበሩ አጠገብ አቁማ፣ ጫማዋን ከሳጥን አውጥታ ቀለም ቀብታው ነበር።

ከምረቃው ማግሥት የማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤ ደረሰ። «አሳንሰሩ ለአርአያነቷ ዕውቅና የተሰጠ በመሆኑ፣ የሚንቀሳቀሰው በቁልፍ ብቻ ሲሆን፣ ቁልፉም ለሲኞራ ቴዎዶራ ካኔፓ በእጅ፣ በፊርማ ይሰጣል። ሌሎች ነዋሪዎች በሲኞራዋ የጽሑፍ ፈቃድ ሊገለገሉ ይችላሉ። ጎረቤቷ ኮሎምባ በተለይ በድምፅ አጠቃቀም ረገድ ከሲኞራዋ ተሞክሮ እንድትቀስም አቅጣጫ ተቀምጧል።» ፖስተኛው ቁልፉን ይዞ ሦስት ጊዜ ወጣ፣ ሦስት ጊዜም ፈራሚ አጥቶ መለሰው።

ፕሮስፔሮ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጠራ የኃላፊው ቢሮ ገባ።

«ክቡርነትዎ፣ አንድ ነገር ልናዘዝ። ሲኞራ ቴዎዶራ... ሥዕል ናት።»

«በሩን ዝጋው» አሉ ክቡር ፒታሉጋ። ዘጋው። «አውቃለሁ።»

«ያውቃሉ?»

«እዚህ ከተማ አይደለም እንዴ የተወለድኩት? አባትህ የኛንም ቤት ሁለት መስኮት ቀብቷል። ገና ሳያት ነው ያወቅኋት።»

«ታዲያ ኮፍያዎን አንሥተው...»

«ዶክተሯ 'ኦ!' ካለች በኋላ ምን ላድርግ? ዘጠኝ ወደብ ስድስት ተኩል ላይ ቆሞ ቀርቷል፣ ልጄ! አሁን ባለ አሥር እኛ ብቻ ነን። ፎቶዋ በመንገዱ ካርታ ሽፋን ላይ አለ። ደግሞ እውነቱን ንገረኝ፤ በዚህ ከተማ ከሷ የተሻለ ነዋሪ ታውቃለህ? አቤቱታ አታመጣም፣ ስለ ውኃ አታወራም፣ ስለ ደረጃ አታወራም።»

«አክስቴ መውረድ ትፈልጋለች፣ ክቡርነትዎ።»

«እኔስ መች እንዳትወርድ ከለከልኳት? ፈቃድ ትጠይቃት፣ በጽሑፍ። ስሙን እኮ የጻፍከው አንተ ነህ። እንዴት ያለ ውብ የእጅ ጽሑፍ ነው! በነገራችን ላይ፣ ስለ ጥንቃቄህ አንድ የምስጋና ወረቀት ተዘጋጅቶልሃል።»

ፕሮስፔሮ የምስጋና ወረቀቱን በብብቱ ይዞ መቶ አሥራ ሁለቱን ደረጃ ወጣ። ኮሎምባ ጫማዋን እንዳደረገች ተቀምጣ ነበር። ሁሉንም ነገራት። እሷም አላቋረጠችውም፤ ይህም በቤተሰቡ ታሪክ ታይቶ የማይታወቅ ነገር ነው።

«ኮሎምባ ብለህ ብትጽፍ ምን ነበረበት?» አለችው መጨረሻ ላይ።

«ውሸት ይሆናል፣ አክስቴ።»

ኮሎምባ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች። «ወረቀትና እርሳስ አምጣ» አለች።

ማመልከቻው ይህ ነበር፦

«ለእህቴ ለቴዎዶራ። እንደምን አለሽ? እኔ እንዳለሁ አለሁ። በሠርጌ ዕለት የተዋስሽውን የመረብ ሻሽ ሳትመልሽ ሞተሻል፤ እሱን ትቼልሻለሁ። አሁን የምጠይቅሽ ሌላ ነው። ቁልፉን ስጪኝ፤ ወይም ትውረድ ብለሽ ፈርሚልኝ። አንቺ መቼም ለመውረድ አትፈልጊውም። ባሕሩ ግንብ ላይ ቁጭ ብዬ ስለ አምብሮጂዮ ሁለት ሰዓት ያህል አውርቼ እመለሳለሁ። ብትኖሪ ኖሮ ራስሽ ቀድመሽኝ ትወርጂ ነበር። እህትሽ ኮሎምባ።»

ማመልከቻው የማዘጋጃ ቤቱ ማኅተም ተመታበት፤ ቁጥር ተሰጠው፤ በመሰላል ተወጥቶም ከተቀባው መስኮት ሥር ተለጠፈ። በደንቡ መሠረት ሠላሳ ቀን ተጠበቀ። በሠላሳ አንደኛው ቀን ገምጋሚው ቡድን ተሰብስቦ፣ ሲኞራ ቴዎዶራ መልስ አለመስጠቷን ተመለከተ፤ ይህም የጥሩ ቤተሰብ ልጅ ለመሆኗ ተጨማሪ ማስረጃ ሆኖ በቃለ ጉባኤ ተያዘ። ቃለ ጉባኤውን የያዘው ፕሮስፔሮ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ኮሎምባ ቅርጫቷን አወረደች። ፕሮስፔሮ ዳቦውንና መድኃኒቱን አስገባበት፤ እሷም ሳበችው።